የቀጭኔ ዥጉርጉር ያለው ባለጆሮ የሹራብ ኮፍያ አሠራር

«በሁለት ቀለም ክር ኮፍያ ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን ተሸብሽቦ ጠበበብኝ፤ ምን አጥፍቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ባሕር ዳር ውስጥ ሹራብ ከሚሠሩ ጎረቤቶቼና ወዳጆቼ ይደርሰኛል። ከተማችን ሞቃታማ ብትሆንም በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ከጣና የሚነሣውን ነፋስ ልጁን በባጃጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለበዓል ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ደሴ ለሚጓዝ ቤተሰብ ደግሞ ጆሮን የሚሸፍን ኮፍያ የግድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የምሰጠውን መልስ በአንድ ቦታ፣ ከመጀመሪያው ዓይን እስከ ማድረቂያው ድረስ፣ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

የኮፍያው መልክ የተወሰደው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ከተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲሆን ዋና ገጸ ባሕርይዋ ቀጭኔ የሆነች አሻንጉሊት ናት። እዚህ የምንሠራው የአሻንጉሊቷን ፊት አይደለም፤ በቢጫ መደብ ላይ የተበተነውን የቀጭኔ ቆዳ ዥጉርጉርና አናት ላይ የሚሰፉ ሁለት ቀንዶችን ብቻ ነው። ዥጉርጉሩን የመረጥኩት ልጆች ወዲያው ስለሚለዩት ብቻ ሳይሆን፣ ጠቃጠቆዎቹ ትንንሽ በመሆናቸው ክሩ ከኋላ ረጅም ርቀት ሳይሻገር ሥራው እንዲያልቅ ስለሚያስችል ነው። ፊት ወይም ፊደል ያለበት ንድፍ ለጀማሪ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ቃላት አስቀድሜ ልግለጽ። ዓሣ አጥማጆች የመረባቸውን ቀዳዳ «ዓይን» እንደሚሉት፣ እኔም በሹራብ መሥሪያው ዘንግ ላይ የምትቀመጠውን እያንዳንዷን የክር ቀለበት «ዓይን» እላታለሁ፤ አዲስ ዓይን በዘንግ ላይ ማውጣትን ደግሞ «መትከል» እለዋለሁ። የኮፍያው «ጆሮ» የምለው ከኮፍያው ወርዶ የልጁን ጆሮ የሚሸፍነውን ክፍል ነው። ክሩ ከሥራው ጀርባ ሆኖ የሚሠራውን ዓይን «ቀጥታ»፣ ክሩ ከፊት ሆኖ የሚሠራውን ደግሞ «ግልብጥ» ብዬዋለሁ። አንዱ ቀለም በሚሠራበት ጊዜ ሌላው ቀለም ከጀርባ ተዘርግቶ ያልፋል፤ ይህን «ተሻጋሪ ክር» ብዬዋለሁ፤ ከላይ ለጠቀስኩት ጥያቄ መልሱ ያለው በእርሱ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቢጫ የሹራብ ክር 100 ግራም እና ቡናማ የሹራብ ክር 50 ግራም። ሁለቱም ውፍረታቸው አንድ ዓይነት፣ በ4 ሚሊ ሜትር ዘንግ የሚሠራ መካከለኛ ክር መሆን አለበት። ቢጫውን በአንድ ጊዜ ይግዙ፤ በወረቀቱ ላይ ያለውን የቀለም ቁጥርም ያመሳክሩ፤ በሌላ ሳምንት የሚገዛው ቢጫ ከመጀመሪያው ጋር ላይገጥም ይችላል።
- ሁለት ጫፋቸው የሾለ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው አምስት ዘንጎች፤ ከተገኘም ተጨማሪ አምስት ባለ 4.5 ሚሊ ሜትር ዘንጎች።
- ጫፉ ያልሾለ፣ ዓይኑ ሰፊ የሆነ ወፍራም መርፌ።
- የልብስ ሰፊ ሜትር፣ መቀስ፣ እንዲሁም ለምልክት የሚሆኑ የሌላ ቀለም ቁርጥራጭ ክሮች።
- ለጆሮዎቹና ለግንባሩ ገበር የሚሆን ለስላሳ ጨርቅ፤ ካረጀ የልጅ ጃኬት ውስጥ የሚወጣው ገበር በቂ ነው።

ስለ ዘንግ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው የብስክሌት ራጂ ይሆናል ወይ ተብሎ ነው። ብስክሌት በሞላባት ከተማችን ራጂ በቀላሉ ይገኛል፤ ለቀጭን ክርም ጥሩ ነው። ሆኖም የራጂ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚህ ክር ቢሠሩበት ጨርቁ እንደ ካርቶን ይደርቃል። ዘንግ ካላገኙ ከአዊ የሚመጣውን የደረቀ ቀርከሃ በሚፈለገው ውፍረት ጠርበው በብርጭቆ ወረቀት ደጋግመው ያለስልሱት፤ ክር የሚይዝ አንድ ሰንጣቃ እንኳ መቅረት የለበትም።

ቤት ውስጥ የተፈተለ የጥጥ ፈትል ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ። ፈትል ለጋቢና ለነጠላ ተወዳዳሪ ባይኖረውም፣ ተስቦ የመመለስ ባሕርዩ አነስተኛ ስለሆነ ባለሁለት ቀለም ኮፍያ ላይ ሲገባ ጭንቅላትን አይይዝም፤ ሲታጠብ ደግሞ ይከብዳል።

መጠን

በመጀመሪያ የልጁን ጭንቅላት ከቅንድብ ከፍ ብለው፣ ከጆሮ በላይ አድርገው ይለኩ። ኮፍያው ከጭንቅላቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ማነስ አለበት፤ ሹራብ ስለሚለጠጥ ልክ በልኩ ቢሠራ ወደ ዓይን ይወርዳል። ንድፉ በየ12 ዓይኑ ስለሚደጋገም የዓይኖቹ ብዛት ሁልጊዜ ለ12 መካፈል ይኖርበታል።

- ለ46 ሳንቲ ሜትር ጭንቅላት፦ 96 ዓይን
- ለ52 ሳንቲ ሜትር ጭንቅላት፦ 108 ዓይን
- ለ57 ሳንቲ ሜትር ጭንቅላት፦ 120 ዓይን

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ለ108 ዓይን ነው። የሌሎቹን መጠኖች ቁጥር ልዩነት ባለበት ቦታ ላይ ለብቻው እገልጻለሁ።

አሠራር

1. የክሩን ቀለም ይፈትኑ። ከቡናማው ክር አንድ ክንድ ያህል ቆርጠው ለብ ባለ ውኃ ያርጥቡትና በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለአንድ ሌሊት ያስቀምጡት። ጨርቁ ላይ ቀለም ከታየ ያ ክር ቢጫውን ስለሚያበላሽ ይቀይሩት። ይህን ፈተና ዘልዬ ለእህቴ ልጅ የሠራሁት ኮፍያ በመጀመሪያው እጥበት ቢጫው ሁሉ የደፈረሰ ሻይ መስሎ ወጣ፤ የአሥር ቀን ሥራ ነበር፤ ማስለቀቂያም አላገኘሁለትም። በተጨማሪም ሁለቱን ልቃቂቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው በስልክዎ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያንሷቸው። በፎቶው ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ፣ በዓይን የተለያዩ ቢመስሉም ዥጉርጉሩ ከሩቅ አይለይም፤ ጠቆር ያለ ቡናማ ይምረጡ።

2. ናሙና ይሥሩ። በ4 ሚሊ ሜትር ዘንግ 48 ዓይን ይትከሉ፤ በአራት ዘንግ ላይ 12፣ 12 አድርገው ያከፋፍሉና በአምስተኛው ዘንግ እየዞሩ ከታች በደረጃ 6 ያለውን ንድፍ አንድ ጊዜ፣ 12ቱንም ዙር ይሥሩ። ናሙናው በዙር መሠራት ያለበት ኮፍያውም በዙር ስለሚሠራ ነው፤ ወዲያና ወዲህ እየተመለሱ የሚሠሩት ናሙና የእጅዎን ጥብቀት በትክክል አያሳይም። ሲጨርሱ አርጥበው፣ አድርቀው፣ ሳይጎትቱ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን እንዳለ ይቁጠሩ። የሚፈለገው 22 ነው። ቁጥሩ 24 ከሆነ 108ቱ ዓይን 45 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ 20 ከሆነ ደግሞ 54 ይደርሳል፤ ሁለት ዓይን እንዲህ ያለ ልዩነት ስለሚያመጣ ናሙናውን ጊዜ ማባከኛ አድርገው አይዩት። 24 ከወጣ የቀለሙን ክፍል በ4.5 ሚሊ ሜትር ዘንግ ለመሥራት ያቅዱ። ናሙናው ለትንሽ ልጅ ክንድ ማሞቂያ ስለሚሆን አይጣልም።

3. የመጀመሪያውን ጆሮ ይሥሩ። ጆሮዎቹ በቢጫ ክር ብቻ፣ ወዲያና ወዲህ እየተመለሱ ይሠራሉ፤ በግልብጥ በኩል ሁለት ክር መያዝ ለጀማሪ አስቸጋሪ ስለሆነ ቀለሙን ለዙሩ ክፍል አቆይተነዋል። 5 ዓይን ይትከሉ። በፊት በኩል ባለው ረድፍ 2 ቀጥታ ይሥሩ፣ አንድ ዓይን ይጨምሩ፣ ሁለት ዓይን እስኪቀር ድረስ ቀጥታ ይሥሩ፣ አንድ ዓይን ይጨምሩ፣ በ2 ቀጥታ ይጨርሱ። በጀርባ በኩል ባለው ረድፍ 2 ቀጥታ፣ መካከሉን ሁሉ ግልብጥ፣ መጨረሻውን 2 ቀጥታ ይሥሩ። እነዚህን ሁለት ረድፎች 9 ጊዜ ሲደጋግሙ 23 ዓይን ይደርሳሉ (ለ96 መጠን 8 ጊዜ ደጋግመው 21፣ ለ120 መጠን 10 ጊዜ ደጋግመው 25)። ከዚያ ሳይጨምሩ 6 ረድፍ ይቀጥሉ።

የሚጨምሩት ዓይን በሁለት ዓይኖች መካከል የተዘረጋውን ክር በግራ ዘንግ አንሥተው፣ ከኋላው በኩል በመውጋት የሚሠራ ይሁን። ከፊቱ ቢወጉት ቀዳዳ ይተዋል፤ ነፋስም የሚገባው በዚያ ነው። በሁለቱ ጠርዝ ያሉት ሁለት ሁለት ቀጥታ ዓይኖች ጆሮው ወደ ውስጥ እንዳይጠቀለል ይይዙታል፤ ስለዚህ እንዳይረሷቸው።

ክሩን ቆርጠው የመጀመሪያውን ጆሮ በቁራጭ ክር ላይ ያሳርፉት፤ ሁለተኛውን እንዲሁ ይሥሩ፤ የሁለተኛውንም ክር ይቁረጡ።

4. ሁለቱን ጆሮዎች ያገናኙ። ዙሩ ከማጅራት መካከል ይጀምራል፤ የዙር መገናኛ ላይ ንድፉ ሁልጊዜ በትንሹ ስለሚዛነፍ ከኋላ መሆኑ ይሸሽገዋል። በባዶ ዘንግ 13 ዓይን ይትከሉ፣ የአንደኛውን ጆሮ 23 ዓይን ቀጥታ ይሥሩ፣ ለግንባር 36 ዓይን ይትከሉ፣ የሁለተኛውን ጆሮ 23 ዓይን ቀጥታ ይሥሩ፣ በመጨረሻ 13 ዓይን ይትከሉ። ድምሩ 108 ነው። ለ96 መጠን ቅደም ተከተሉ 11፣ 21፣ 32፣ 21፣ 11 ሲሆን ለ120 መጠን 15፣ 25፣ 40፣ 25፣ 15 ነው። ግንባሩ ከማጅራቱ የሚሰፋው የሰው ጆሮ ከጭንቅላቱ መካከል ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ነው፤ እኩል ቢያደርጓቸው የኮፍያው ጆሮ ጉንጭ ላይ ያርፋል።

ዙሩን ከመግጠምዎ በፊት ሥራውን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው የተተከሉት ዓይኖች እግር ሁሉ ወደ ታች፣ የሁለቱም ጆሮዎች ፊት ወደ ውጭ መሆኑን ያረጋግጡ። አንድ ቦታ ከተጠመዘዘ መፍትሔው መተርተር ብቻ ነው።

5. ጠርዙን ይሥሩ። በመጀመሪያው ዙር የግንባሩንና የማጅራቱን ዓይኖች፣ እንዲሁም ከእያንዳንዱ ጆሮ ዳር ያሉትን ሁለት ሁለት ዓይኖች ግልብጥ ይሥሩ፤ የጆሮዎቹን መካከል ቀጥታ ይሥሩ። ሁለተኛውን ዙር በሙሉ ቀጥታ ይሥሩ። እነዚህን ሁለት ዙሮች ሦስት ጊዜ ይደጋግሙ፤ ከዚያ 2 ዙር በሙሉ ቀጥታ ይጨምሩ። የጠርዙ ሥራ ከሌለ ግንባሩ ላይ ያለው ጨርቅ እንደ ሲጋራ ወደ ላይ ይጠቀለላል። በመጨረሻው ዙር ላይ ዓይኖቹን እየቆጠሩ በየ12ቱ መካከል የሌላ ቀለም ክር ለምልክት ያስሩ። በዘንጎቹ ላይም 36፣ 24፣ 24፣ 24 አድርገው ያከፋፍሏቸው፤ አንድ የንድፍ ድግግሞሽ በሁለት ዘንግ እንዳይከፈል ያደርጋል።

6. ዥጉርጉሩን ይሥሩ። ከታች «ቢ» ቢጫ፣ «ቡ» ቡናማ ማለት ሲሆን ቁጥሩ ተከታትለው የሚሠሩትን ዓይኖች ያመለክታል። እያንዳንዱ መስመር 12 ዓይን ነው፤ ዙሩ እስኪያልቅ ይደጋገማል፤ ሁሉም ዓይን ቀጥታ ነው።

ዙር 1፦ ቢ1 ቡ3 ቢ3 ቡ4 ቢ1
ዙር 2፦ ቢ1 ቡ4 ቢ1 ቡ5 ቢ1
ዙር 3፦ ቢ1 ቡ4 ቢ1 ቡ5 ቢ1
ዙር 4፦ ቢ1 ቡ5 ቢ1 ቡ4 ቢ1
ዙር 5፦ ቢ2 ቡ4 ቢ1 ቡ4 ቢ1
ዙር 6፦ ቢ2 ቡ2 ቢ4 ቡ2 ቢ2
ዙር 7፦ ቡ2 ቢ2 ቡ4 ቢ2 ቡ2
ዙር 8፦ ቡ2 ቢ1 ቡ5 ቢ1 ቡ3
ዙር 9፦ ቡ2 ቢ1 ቡ5 ቢ1 ቡ3
ዙር 10፦ ቡ3 ቢ1 ቡ4 ቢ2 ቡ2
ዙር 11፦ ቡ2 ቢ2 ቡ4 ቢ2 ቡ2
ዙር 12፦ ቡ1 ቢ4 ቡ2 ቢ4 ቡ1

12ቱን ዙሮች ሁለት ጊዜ ይሥሩ። ለ96 መጠን አንድ ጊዜ ሙሉውን፣ ከዚያም ከዙር 1 እስከ 6 ብቻ ይሥሩ፤ ለ120 መጠን ሁለት ጊዜ ሙሉውን፣ ከዚያም ከዙር 1 እስከ 6 ይጨምሩ። ጠቃጠቆዎቹ እኩል አለመሆናቸው ስሕተት አይደለም፤ የቀጭኔ ቆዳም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ተሻጋሪው ክር እንምጣ። በዚህ ንድፍ ውስጥ አንድ ቀለም ከአምስት ዓይን በላይ ተከታትሎ አይሠራም፤ ስለዚህ ከኋላ የሚያልፈው ክር ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ መካከሉ ላይ ማሰርም አያስፈልገውም። ነገር ግን ያ አጭር ክር ከተሻገራቸው ዓይኖች ስፋት ባነሰ ቁጥር ዓይኖቹን አንድ ላይ ሰብስቦ ይይዛቸዋል። ክር ይለጠጣል፣ ዓይንም ይለጠጣል፤ የተወጠረ ተሻጋሪ ክር ግን ሁለቱንም ያስራቸዋል። ኮፍያው የሚሸበሸበውና የሚጠበው በዚህ ነው እንጂ ዓይን በማነሱ አይደለም።

ስለዚህ ቀለም ከመቀየርዎ በፊት ሁልጊዜ እንዲህ ያድርጉ። በቀኝ ዘንግ ላይ ያሉትን የመጨረሻዎቹን ዓይኖች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው ወደ ኋላ ገፋ በማድረግ እንደ ተለበሰ ሆነው እስኪዘረጉ ድረስ ይለያዩአቸው። አዲሱን ቀለም ከጀርባቸው አሳልፈው የሚቀጥለውን ዓይን ይሥሩ፤ ጣትዎን የሚያነሡት ከዚያ በኋላ ነው። ክሩ ከኋላ ሲታይ ቀጥ ብሎ የተኛ እንጂ እንደ ክራር ክር የተወጠረ፣ ወይም ጣት የሚያስገባ ቀለበት ሆኖ የተንጠለጠለ መሆን የለበትም። ይህ በተለይ ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው በሚሻገሩበት ማዕዘን ላይ ይበረታል፤ እዚያ ክሩ አቋራጭ ይዞ ያጥራል። ማዕዘኑ የሚያስቸግርዎት ከሆነ ሥራውን ገልብጠው፣ ጀርባው ወደ ውጭ እንዲሆን አድርገው ይሥሩ፤ ተሻጋሪው ክር በውጭ በኩል ስለሚዞር ለማጠር ዕድል አያገኝም። እኔ ለማስተምራቸው ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ በብዙዎቹ እጅ ላይ ለውጡ በአንድ ምሽት ይታያል።

ሁለተኛው የሚጠበቅብዎት ክሮቹን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ መያዝ ነው። ቡናማው ዘወትር ከታች፣ ቢጫው ዘወትር ከላይ ይለፍ፤ ወይም ቡናማውን በግራ፣ ቢጫውን በቀኝ እጅ ይያዙ። ከታች የሚመጣው ክር ትንሽ ተለቅ ያለ ዓይን ስለሚሠራ ጎልቶ ይታያል፤ እንዲጎላ የምንፈልገውም ጠቃጠቆው ነው። በመካከል ቦታ ቢለዋወጡ ልዩነቱ እንደ መስመር ሆኖ ኮፍያውን ይዞረዋል፤ ከታጠበ በኋላም አይጠፋም። ሁለቱን ልቃቂቶች በሁለት ሳህን ለይተው በግራና በቀኝዎ ቢያስቀምጧቸው ክሮቹ እርስ በርሳቸው አይጠማዘዙም።

አራተኛውን ዙር ሲጨርሱ ይቁሙና የሠሩትን ከውስጥ በኩል በአራት ጣትዎ ይዘርጉት። ከጠርዙ እኩል የሚዘረጋ ከሆነ ይቀጥሉ። ከጠርዙ ያነሰ ከተዘረጋ አራቱን ዙር አሁኑኑ ይተርትሩ፤ «ሲታጠብ ይላቀቃል» የሚለው ተስፋ ለዓይን እንጂ ለታሰረ ተሻጋሪ ክር አይሠራም።

7. አናቱን ያጥብቡ። ቡናማውን ቆርጠው በቢጫ ብቻ አንድ ዙር ቀጥታ ይሥሩ፤ 4.5 ሚሊ ሜትር ዘንግ ተጠቅመው ከነበረ ወደ 4 ይመለሱ፤ ባለአንድ ቀለም ሹራብ ስለሚላላ አናቱ እንዳያብጥ ይረዳል። ከዚያ በየ12ቱ ክፍል 10 ቀጥታ፣ የቀሩትን 2 አንድ ላይ ይሥሩ፤ የሚቀጥለውን ዙር ሳይቀንሱ ቀጥታ ይሥሩ። በሚቀጥለው መቀነሻ ዙር 9 ቀጥታ፣ 2 አንድ ላይ፤ እንዲሁ እያለ በአንድ ክፍል 6 ዓይን እስኪቀር አንድ ዙር እየቀነሱ አንድ ዙር እየዘለሉ ይቀጥሉ። ከዚያ በኋላ በየዙሩ ይቀንሱ፤ በየክፍሉ አንድ ዓይን ሲቀር 9 ዓይኖች ብቻ ይኖራሉ። ክሩን አንድ ስንዝር አስተርፈው ቆርጠው በመርፌ በዘጠኙም ዓይን ውስጥ ሁለት ጊዜ ያሳልፉና ጠበቅ አድርገው ከውስጥ ያስሩ። መጀመሪያ ላይ ዝግ ብሎ፣ ኋላ ላይ ፈጥኖ መቀነሱ አናቱን እንደ ጭንቅላት ክብ ያደርገዋል፤ ከመጀመሪያው በየዙሩ ቢቀንሱ ኮፍያው ከላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ያጥራል።

8. ቀንዶቹን ይሥሩ። በቡናማ ክር 12 ዓይን ተክለው 12 ረድፍ አንዱን ቀጥታ አንዱን ግልብጥ እያደረጉ ይሥሩ፤ ጠቅልለው ቱቦ ያድርጉትና ይስፉት። ሁለቱን ቀንዶች ከአናቱ መካከል ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ጣት አርቀው ዙሪያቸውን ሁለት ጊዜ ይስፏቸው።

9. ክሮቹን ይደብቁ፣ ገበሩን ይስፉ። እያንዳንዱን የተቆረጠ ጫፍ በራሱ ቀለም ዓይኖች ጀርባ አራት ጣት ያህል ይውጉት፤ ቡናማውን በቢጫው ጀርባ ካሳለፉት በፊት በኩል ያስታውቃል። ገበሩን በጆሮዎቹና በግንባሩ ልክ ቆርጠው ከውስጥ በኩል በላላ ስፌት ይስፉ። ገበሩ ለሙቀት ብቻ አይደለም፤ የሕፃን ጣትና የሴት ልጅ የጆሮ ጉትቻ ተሻጋሪ ክር ላይ እንዳይያዝ ይከላከላል። ጉትቻ ለምታደርግ ልጅ ገበሩን በዥጉርጉሩ ክፍል ሁሉ ላይ ያድርጉት።

10. ማሰሪያውን ይጎንጉኑ። 60 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 6 ክሮች በጆሮው ጫፍ አሳልፈው እኩል ያጥፉ፤ የሚወጡትን 12 ጫፎች በሦስት ከፍለው 20 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ይጎንጉኑና ይቋጩ። ለሁለተኛውም ጆሮ እንዲሁ ያድርጉ።

11. ይጠቡና ቅርጽ ያስይዙ። ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ሳያሹ ይንከሩት፤ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልለው ውኃውን ይጫኑት። ከዚያ በተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አልብሰው ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ያድርቁት። በባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ቀለሙ ይለቃል። ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ክር አክሪሊክ ስለሆነ ካውያ ፈጽሞ አያስነኩት፤ ሙቀቱ ክሩን ያቀልጠውና ጨርቁ ተመልሶ የማይነሣ ሙት ያደርገዋል።

ማስጠንቀቂያ

ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ማሰሪያም ቀንድም አይሥሩ። ማሰሪያው አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል፤ ተነቅሎ የወጣ ቀንድ ደግሞ ወደ አፍ ይገባል። ለትልልቆቹም ቢሆን ማሰሪያው ከ20 ሳንቲ ሜትር አይርዘም፤ በባጃጅ ወይም በብስክሌት ሲሄዱ የሚንጠለጠል ነገር ጎማ ላይ ይያዛል። ሕፃን ኮፍያ አድርጎ አያስተኙት።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

አንድ ዓይን በተሳሳተ ቀለም ተሠርቶ ብዙ ዙር ካለፉ በኋላ ካስተዋሉት መተርተር አያስፈልግዎትም፤ በመርፌና በትክክለኛው ቀለም የዓይኑን መንገድ ተከትለው ላዩ ላይ ይስፉት፤ ማንም አይለየውም። ከሦስት ዓይን በላይ ከተሳሳተ ግን ስፌቱ ስለሚወፍር ይተርትሩት።

በዙር መካከል ጠቃጠቆው ከታችኛው ጋር መግጠም ካቆመ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ቀደም ብሎ ባለ ምልክት ውስጥ ነው። ከቆሙበት ወደ ኋላ በየምልክቱ መካከል 12 መኖሩን ይቁጠሩ፤ 11 ወይም 13 ያለበትን ክፍል ሲያገኙ እስከዚያ ድረስ ብቻ ይፍቱ።

በሁለት ዘንግ መገናኛ ላይ ከታች እስከ ላይ መሰላል የመሰለ ክፍተት ከታየ፣ በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ሁለተኛውን ዓይን ሲሠሩ ክሩን ጠበቅ ያድርጉት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ዓይን ያጠብቃል፤ እርሱ ግን ሁለተኛው ሲሠራ ተመልሶ ይላላል።

ኮፍያው ካለቀ በኋላ በዥጉርጉሩ አካባቢ ብቻ ጠቦ ከተገኘ ገልብጠው ተሻጋሪዎቹን ክሮች በጣትዎ ይዳስሱ። በአንድ ወይም በሁለት ቦታ ላይ ብቻ የተወጠሩ ከሆነ በመርፌ ጫፍ ከግራና ከቀኝ ካሉት ዓይኖች ትንሽ ትንሽ ክር ስበው ያላሉት። በሁሉም ቦታ የተወጠሩ ከሆነ ኮፍያው ለዚያ ልጅ አይሆንም፤ ጭንቅላቱ አነስ ላለ ልጅ ይስጡት፤ ሁለተኛውን ገልብጠው፣ ጀርባውን ወደ ውጭ አድርገው ይጀምሩ።